የወንድሜ ሮኬት ቀጥ ብሎ አልወጣ አለ፣ መፅሐፍም ጠቁሙኝ

ጠያቂ (ደብረ ብርሃን)፦ ሰላም ወገን። ታናሽ ወንድሜ 9ኛ ክፍል ነው፣ ሮኬት ሮኬት እያለ አሳበደን። ሀይላንድ ግማሽ ድረስ ውሃ ሞልቶ በቡሽ ይደፍንና በሳይክል ፓምፕ አየር እየነፋ ያስወነጭፈዋል፣ ግን ትንሽ ከፍ ይልና እንደ ሰከረ ሰው ተገለባብጦ ወደ ጎን ይሄዳል። ቅዳሜ ለታ ጭራሽ ጎረቤታችን ሰሌን ላይ ያሰጡት ብቅል ላይ ወርዶ አራሰው፣ እትዬም "ብቅሉ እኮ አንዴ በቅሏል፣ ደግመህ ልታበቅለው ነው?" ብለው አሳቁን። ምን ላድርግለት? ደግሞ የሳይንስ ልብወለድ ይወዳል፣ እንግሊዝኛው ደህና ነው ወፍራም መፅሐፍ ግን ያስፈራዋል።

የሮቢት ልጅ፦ መጀመሪያ ሀይላንዱን ተዉት ስስ ነው። ትልቁ የለስላሳ ፕላስቲክ ጋዝ እንዲችል ተደርጎ ስለተሰራ እሱ ይሻላል፣ የተጫረ ወይ ፀሐይ የበላው ግን እንዳይሆን። ውሃው ደግሞ በዛ፣ ሲሶ ይበቃል። የሚገፋው የታመቀው አየር ነው፣ ውሃው ወደ ታች ሲወረወር ነው እሱ ወደ ላይ የሚሄደው፣ ውሃ ስታበዢ ለአየሩ ቦታ አጣሽ ማለት ነው።

ፊዚክስ አስተማሪ (ደብረ ሲና)፦ ክንፍ አለው?

ጠያቂ፦ አለው መምህር፣ 4 የካርቶን ክንፍ፣ መሀሉ ላይ ነው የለጠፈው።

ፊዚክስ አስተማሪ፦ በቃ ችግሩ እሱ ነው። ክንፉን ወደ ታች ወደ አፉ ያውርደው፣ አናቱ ላይ ደግሞ ጭቃ ይለጥፍበት። ክብደቱ ወደ ፊት፣ አየር የሚይዘው ክንፍ ወደ ኋላ መሆን አለበት። ከዛ ውሃ ሳይጨምር ጣቱ ላይ አስተኝቶ የሚመዛዘንበትን ቦታ ይፈልግና እዛ ላይ ክር አስሮ፣ ማሽላ ጠባቂ ወንጭፍ እንደሚያዞረው በአናቱ ላይ ያዙረው። አፍንጫው እየመራ ከዞረ ይተኩስ፣ ጅራቱ ከቀደመ ወይ ከተገለባበጠ ጭቃ ይጨምር። ሲነፋ በረጅም ቱቦ ራቅ ብሎ ይሁን፣ ማንም ከላዩ እንዳያጎነብስ።

ባህር ዛፍ፦ የክብሪት ጭንቅላት ቢጠቀምስ?

ፊዚክስ አስተማሪ፦ በጭራሽ! ጣት ነው የሚያስቆርጠው።

ባህር ዛፍ፦ እሺ ተውኩት 😂 ግን ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ አይደለች፣ አየሩ ከባህር ጠረፍ በሩብ ገደማ ይሳሳል፣ ስለዚህ ሮኬቱን የሚይዘው አየር ትንሽ ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ንፋስ ሳይነሳ ጋቢውን ደርቦ ይውጣ።

የአንኮበሩ፦ እኔ ስለ መፅሐፉ ልበል። ዡል ቬርን በ1865 በፈረንጅ ያወጣው የጨረቃ ጉዞ አለ፣ ሰዎቹን በመድፍ ነው የሚተኩሳቸው። እያነበበ ስህተቱን ይፈልግ በዪው፣ ምክንያቱም በመድፍ የተተኮሰ ሰው ገና አፈሙዙ ውስጥ ይጨፈለቃል። ፂዮልኮቭስኪ የሚባል ጆሮው በልጅነቱ የደከመ የሩሲያ አስተማሪ ቬርንን እያነበበ ነው ያደገው፣ በኋላ በ1903 ጠፈር የሚደረሰው በሮኬት እንደሆነ በሂሳብ አሳየ። አጭር ከፈለገ የኤች ጂ ዌልስ የ1895ቱ የጊዜ መኪና፣ ቀጭን ነው። ሁለቱም ስለቆዩ ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይገኛሉ። ስለ ብቅሉ ደግሞ አትጨነቂ፣ አሜሪካዊው ጎዳርድ በ1926 የተኮሰው የመጀመሪያው የፈሳሽ ነዳጅ ሮኬት 12 ሜትር ያህል ወጥቶ በ2.5 ሰከንድ ጎመን ማሳ ላይ ነው የወደቀው።

ጠያቂ፦ ኧረ ተባረኩ! የጎመኑን ለእትዬ ነገርኳቸው፣ "ጎመኑንስ ከፈለ?" አሉኝ። ዛሬ ጠዋት ጭቃ ጨምረን ክንፉን አውርደን ተኮስነው፣ ቀጥ ብሎ ከባህር ዛፉ በላይ ወጣ፣ ሲወርድ ግን እዛው ቅርንጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ጠባሴ አካባቢ ረጅም መሰላል የሚያውሰን አለ?