በ34ኛው ሳምንት እንድወልድ ተወስኗል፤ ምን ላዘጋጅ?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። አዲስ አበባ ነዋሪ ነኝ፤ ሁለተኛ ልጄን አርግዤ 32ኛ ሳምንቴ ላይ እገኛለሁ። ከእርግዝናው ጋር የመጣ ከባድ የደም ግፊት ስላለብኝ ሐኪሜ ሆስፒታል ተኝቼ እንድከታተል፣ ከዚያ በፊት ካላስቸገረ ደግሞ 34ኛው ሳምንት እንደሞላ እንድወልድ ወስነዋል። የመጀመሪያ ልጄን በቀኗ ስለወለድኩ ያለ ቀኑ የሚወለድ ልጅ እንዴት እንደሚያዝ አላውቅም። ባለቤቴ አልጋና ልብስ ለመግዛት ተነሥቷል፤ እናቴ ከደብረ ብርሃን ልትመጣ እየተሰናዳች ነው፤ አንዲት ዘመዳችን ደግሞ «የሰባት ወር ልጅ ያድጋል፣ የስምንት ወር ግን አይበረክትም» ካለችኝ ወዲህ እንቅልፍ አጥቻለሁ። በቀረኝ ጊዜ ምን ባዘጋጅ፣ ሐኪሞቹንስ ምን ብጠይቅ ይሻላል?

መልስ፦ ከጨቅላ ሕፃናት ክፍል ነርስ

ዘመድዎ የነገሩዎት መሠረት የለውም። በማሕፀን የሚቆይበት እያንዳንዱ ተጨማሪ ሳምንት የልጁን ሳንባ፣ አንጎልና የመጥባት አቅም ስለሚያጎለብት፣ በ34 ሳምንት የሚወለደው በ30 ከሚወለደው የተሻለ ዕድል አለው። ሐኪምዎም ቀኑን የመረጡት የልጁን መጎልበት በአንድ ወገን፣ ግፊቱ በእርስዎና በእንግዴ ልጁ ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት በሌላ ወገን አመዛዝነው ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄዎ የሚወልዱበት ሆስፒታል ያለ ቀናቸው ለሚወለዱ ሕፃናት የተሟላ ክፍል አለው ወይ የሚለው ይሁን። ማሞቂያ፣ ኦክስጅን፣ እንዲሁም በአፍንጫ በኩል አየር እየገፋ ሳንባው ተከፍቶ እንዲቆይ የሚረዳው ሲፓፕ የሚባለው መሣሪያ መኖሩን፣ በዚያ ሳምንት ቦታ ይገኝ እንደሆነም በግልጽ ይጠይቁ። ከሌለ ሪፈር መጻፍ ያለበት ከመውለድዎ በፊት ነው፤ ልጁ በማሕፀንዎ ሳለ ሆስፒታል ቢቀየር፣ ተወልዶ ብርድ እያገኘው በአምቡላንስ ከመመላለስ እጅግ ይሻለዋል።

ሁለተኛው የልጁን ሳንባ የሚያጠነክረው መርፌ ነው። በብዙ ቦታ የሚሰጠው ዴክሳሜታዞን ሲሆን በየ12 ሰዓቱ 6 ሚሊ ግራም፣ በጠቅላላው አራት ጊዜ ይወጋል። ይበልጥ የሚጠቅመው ከተጀመረ 24 ሰዓት ካለፈ በኋላ፣ 7 ቀን ሳይሞላ ልጁ ሲወለድ ነውና፣ የመውለጃ ቀንዎ አስቀድሞ መታወቁ እዚህ ላይ ትልቅ ዕድል ነው። መቼ እንደሚጀመርልዎ ይጠይቁ። በእርግዝናዎ መጀመሪያ የተነሡትን የአልትራሳውንድ ወረቀትም አይርሱ፤ የሳምንት ቆጠራው ከተዛባ ውሳኔው ሁሉ አብሮ ይዛባል፣ ለቆጠራ ደግሞ የመጀመሪያዎቹ ወራት አልትራሳውንድ ከኋለኛው ይልቅ የታመነ ነው።

እስከዚያው ድረስ ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ ከጎድን አጥንት በታች በስተቀኝ ሕመም፣ የልጁ እንቅስቃሴ መቀነስ ወይም ደም ከታየ ሌሊትም ቢሆን ለተረኛው ወዲያውኑ ይናገሩ። ቀጠሮዬ 34ኛው ሳምንት ነውና ልጠብቅ አይበሉ።

መልስ፦ በደም ግፊት ምክንያት ቀድማ ከወለደች እናት

እህቴ፣ አልጋውና ልብሱ ይቆይ፤ ልጅሽ የመጀመሪያ ጊዜውን የሚያሳልፈው ሆስፒታል ነው። አሁን አጥብቀሽ ልታስቢበት የሚገባው ወተትሽ ነው። በዚህ ዕድሜ የሚወለዱ ብዙ ልጆች መጥባትን፣ መዋጥንና መተንፈስን ማቀናጀት ስለማይችሉ በአፍንጫ ወይም በአፍ በሚገባ ቀጭን ቱቦ ይመገባሉ፤ ጡትሽን የሚስብ ልጅ በሌለበት ወተቱ የሚመጣው ካለብሽው ብቻ ነው። ከወለድሽ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ጀምሪ፤ ሌሊቱን ጨምሮ በቀን ከ8 ጊዜ አታሳንሺ። አውራ ጣትሽን ከጡቱ ጥቁር ክፍል በላይ፣ ሌሎቹን ጣቶችሽን ከበታቹ አድርገሽ መጀመሪያ ወደ ደረትሽ ገፋ፣ ቀጥሎ ጫን፣ ከዚያም ለቀቅ ማድረግ ነው፤ ቆዳውን እያሹ መጎተት አያስፈልግም። በመጀመሪያው ቀን የሚወጣው ቢጫና ወፍራም እንገር የሲኒ ሥር እንኳ አይሸፍንም። እኔ ጠብታውን መርፌ በሌለው ስሪንጅ እየሰበሰብኩ እልክ ነበር። «ወተት የላትም» የሚልሽን ሰው አትስሚ፤ ለዚያች ትንሽ ሆድ ጠብታው ምግብም መከላከያም ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ገላሽ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በፈረንጆቹ 2022 ያወጣው መመሪያ፣ ያለ ቀናቸው የተወለዱ ልጆች በቀን ከ8 እስከ 24 ሰዓት በእናታቸው ገላ ላይ ታቅፈው እንዲቆዩ ይመክራል፤ ካንጋሩ የሚሉት ይህን ነው። ልጁ ዳይፐር፣ ኮፍያና ካልሲ ብቻ አድርጎ በጡቶችሽ መካከል ቀጥ ብሎ ይተኛል፤ ፊቱ ወደ ጎን፣ እግሮቹ ከፈት ብለው ይታጠፋሉ፤ በላዩ በነጠላ ወይም በለስላሳ ጨርቅ ትታሠሪያለሽ። ስለዚህ ከአልጋው ይልቅ ከፊት የሚከፈት ሰፊ ቀሚስ፣ ሁለት ሦስት ትንንሽ ኮፍያዎችና የታጠበ ነጠላ አዘጋጂ። ሲደክምሽ አባቱም ሊያቅፈው ይችላል።

እናትሽን ደግሞ ከአሁኑ አነጋግሪያቸው። ቅቤ ማላስ፣ ስኳር በውሃ መስጠት የፍቅር ሥራ መስሎ ቢታይም ያለ ቀኑ ለተወለደ ልጅ አደገኛ ነው። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ለማለት የሚመጣው ጠያቂም ልጁ እስኪጠና ድረስ አንቺን ብቻ አይቶ ቢመለስ ማንም አይቀየምም፤ ገንፎውን የሚያገነፉት እናትሽ ይህን ለዘመድ ቢናገሩልሽ ካንቺ አፍ ከሚወጣ ይልቅ ይሰማል።

መልስ፦ ከአንድ አባት

እኔ ለባለቤትዎ ልጻፍ። በኦፕራሲዮን ከወለዱ በመጀመሪያው ቀን እርስዎ እስከ ልጁ ክፍል መሄድ ስለማይችሉ ወተቱን የሚያመላልሰው አስታማሚው ነው፤ ዕቃው ላይ የእናት ስም፣ የካርድ ቁጥርና የታለበበት ሰዓት ይጻፍ። እናት ከልጇ ቀድማ ልትወጣም ትችላለች፤ ያን ጊዜ የት ታድራለች፣ ሆስፒታሉ የእናቶች ማረፊያ አለው ወይ የሚለውን አሁን ጠይቁ። ቤታችሁ ሩቅ ከሆነ በአቅራቢያው ያለ ዘመድ ቤት ብዙ ድካም ያቃልላል። ትልቋ ልጃችሁ በእነዚያ ሳምንታት ከማን ጋር እንደምትሆንም ወስኑ።

የሥራ ፈቃድን በሚመለከት፣ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 እናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከደመወዝ ጋር ታገኛለች፤ የፊተኛው ሳያልቅ ከወለደች የኋለኛው ከወሊዱ ጀምሮ መቆጠር ይጀምራል። ልጁ ሆስፒታል የሚተኛበት ጊዜ ከ90ው ይቀነሳል ማለት ነው፤ ሕጉ ይህን ችግር አለማየቱ ያሳዝነኛል። ለአባት የተፈቀደው 3 ተከታታይ ቀን ብቻ ስለሆነ፣ የዓመት ፈቃድ ካለው ልጁ ቤት ለሚገባበት ሳምንት ያቆየው።

ከጠያቂዋ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንድ ነገር ልጨምር፦ ማግኒዥየም የሚባል መድኃኒት እንደሚሰጠኝ ተነግሮኛል፤ ወተቴን ይከለክለኛል? ቤት ከገባን በኋላስ በተለይ ምን ልከታተል?

መልስ፦ ከነርሷ

አይከለክልም፤ ማግኒዥየም ሰልፌት የሚሰጥዎ በግፊቱ ምክንያት እንዳያንዘፈዝፍዎ ነው። በአልጋ ላይ ሳሉ ማለብ እንዲረዱዎት ለአዋላጇ ይንገሩ። ልጁ ሲወለድ ከ1500 ግራም በታች ከመዘነ በተወለደ በአራተኛው ሳምንት ገደማ የዓይን ምርመራ እንዲደረግለት ቀጠሮ ያስይዙ። እድገቱን ሲመዝኑ የቀደመበትን ጊዜ ይቀንሱለት፤ ስድስት ሳምንት ቀድሞ የተወለደ ልጅ በስድስት ወሩ የሚጠበቀው የአራት ወር ተኩል ልጅ የሚያደርገውን እንዲያደርግ ነው። ክትባቱ ግን ከተወለደበት ቀን ጀምሮ ይቆጠራልና ትንሽ ነው ተብሎ አይዘግይ።