ሕዝቡ ረቡዕ ይዘምራል፣ እሑድ ዝም ይላል (ከደሴ)

የጦሳ ግርጌ፦

ሰላም ቅዱሳን። በደሴ በአንዲት የወንጌል አማኞች አጥቢያ አምልኮ መምራት ከጀመርኩ አራት ዓመት ሆነኝ። ሰሞኑን ሲከነክነኝ የሰነበተ ነገር ስላለ ልጠይቃችሁ።

እሑድ ጠዋት 3 ሰዓት እንጀምራለን። ጸሎት፣ አርባ ደቂቃ አምልኮ (አምስት መዝሙር)፣ ኳየር፣ ማስታወቂያ፣ መባ፣ ስብከት። ሐሙስ ሐሙስ ልምምድ አለን። ኪቦርድ፣ ቤዝ፣ ድራም፣ አራት ድምፃውያን። ልጆቹ ትጉዎች ናቸው፣ ከልምምድ አይቀሩም። ሕዝቡ ግን አይዘምርም። ያጨበጭባል፣ እጁን ያነሳል፣ ድምፁ ግን የለም። ባለፈው እሑድ ሦስተኛው መዝሙር ላይ ማይኩን ከአፌ አርቄ አዳመጥኩ። የሰማሁት የራሳችንን ድምፅ ብቻ ነው።

ረቡዕ ማታ ደግሞ ቧንቧ ውሃ አካባቢ የቤት ጸሎት ነበረን። አሥራ አንድ ሰው ነን። ኪቦርድ የለም፣ ማይክ የለም። አንዲት እናት ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው እሑድ የዘመርነውን ያንኑ መዝሙር አነሱ። ቤቱ በድምፅ ሞላ። እሑድ እሑድ ፊት ወንበር ላይ ዝም ብለው የሚቆሙ አባት ዓይናቸውን ጨፍነው ከሁላችን በላይ ይዘምሩ ነበር። አላስቻለኝም፣ ስልኬ ላይ ያለውን ቱነር (የድምፅ ከፍታ መለኪያ) ከፈትኩ። እኛ በ«ጂ» ኖታ ከፍታ የምንመራውን መዝሙር እናቲቱ የጀመሩት በ«ዲ» ነው። አምስት ግማሽ ድምፅ ዝቅ ብለው።

ችግሩ መዝሙሩን የምንይዝበት ከፍታ (ኪ) ብቻ ነው? ወይስ የፕሮግራሙ አወጣጥም አለበት? ሕዝቡ ሲዘምር ያያችሁ ካላችሁ ምን እንዳደረጋችሁ በዝርዝር ንገሩኝ። እየጸለይኩበት ነው፤ ሐሙስ ልምምድ ላይ የምይዘው ነገር ግን እፈልጋለሁ።

ኪቦርድ ከኮምቦልቻ፦

ወንድሜ፣ መልሱን ግማሹን ራስህ አግኝተኸዋል። መዝሙሩን በ«ጂ» ስትይዘው ላይኛው ኖታ ድምፃዊ ብቻ የሚደርስበት ነው። ድምፁን ላላሠለጠነ ሰው ከ«ኤ» እስከ ላይኛው «ዲ» ድረስ ይበቃዋል። ከዚያ ካለፈ መጀመሪያ ይጮኻል፣ ሁለተኛው ላይ ዝም ይላል። ጠዋት ላይ፣ ያውም በደሴ ብርድ፣ ጉሮሮ ገና አልተከፈተም። ድምፃውያኑ «ዝቅ ሲል አይደምቅም» ሊሉህ ይችላሉ። እኛም ጋ እንደዚያ ብለው ነበር። ሁለት እሑድ ታገሡ አልኳቸው። በሁለተኛው እሑድ ሕዝቡን ሲሰሙ ራሳቸው ዝም አሉ።

ሌላው ግን ብዙ ሰው የማያየው ነገር ነው። የመዝሙሩ ቅኝት፣ ማለትም ዜማው የቆመባቸው ኖታዎች፣ ምንድን ነው? ባቲም አምባሰልም የወሎ አገር ስሞች ናቸው፣ ሕዝባችን እነዚህን ቅኝቶች ከእናቱ ጀርባ ላይ ሆኖ የሰማቸው ነው። አምባሰልን ከ«ሲ» ብትጀምር ኖታዎቹ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ ፍላት ናቸው። «ኢ» የሚባል የለም። አሁን አንተ እዚያ ላይ ሲ ሜጀር ኮርድ (ሲ፣ ኢ እና ጂ አብረው ሲመቱ) ስትይዝ በግድ «ኢ»ን ታስገባለህ። ዜማው ወደ አንድ ይሄዳል፣ ኮርዱ ወደ ሌላ። እናቶች ስሙን አያውቁትም፣ ጆሯቸው ግን ያውቃል፤ እንግዳ ሆነባቸውና ይተዉታል። እኔ እንደዚህ ያለ መዝሙር ላይ «ሲ»ንና «ጂ»ን ብቻ ይዤ እተወዋለሁ። ባዶ አይመስልም። ሰው ይሞላዋል።

ድራሙንም የመጨረሻው አዝማች ላይ አቁሙት። ሙሉ በሙሉ።

የሐይቋ እናት፦

ልጄ ናት የምትጽፍልኝ። የኔ ልጅ፣ ጌታ ይባርክህ፣ ስለኛ በማሰብህ ደስ ብሎኛል። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። እናንተ ቃሉን ግድግዳው ላይ ታበሩታላችሁ፣ ለኔ ብርሃን ብቻ ነው። አንዱን መዝሙር በአራት ሳምንት እይዘዋለሁ፤ ልዘምረው ስል አዲስ ይመጣል። ከዚያ እጄን አጣጥፌ እቆማለሁ። ጸጋ አጥቼ አይደለም፣ ቃሉ ስለሌለኝ ነው።

ስንኙን አስቀድመህ በአፍህ በልልኝ፣ ከዚያ እዘምረዋለሁ። በልጅነቴ ጎረቤታችን መንዙማ ሲሉ እሰማ ነበር። አንድ ሰው ያወጣል፣ ቤት ሙሉ ሰው ይቀበላል። ሠርጉም እንደዚያ ነው፣ ለቅሶውም እንደዚያ ነው። አገራችን የሚያወርድና የሚቀበል አገር ነው። እናንተ ግን ማውረዱንም መቀበሉንም አራታችሁ ወሰዳችሁት። ለኛ ተዉልን።

የወልድያ ፕሮግራም መሪ፦

እማማ የተናገሩት ልቤን ነካው። መዝሙር 136ን አስቡት። 26 ቁጥር አለው፣ ሁሉም ላይ «ምሕረቱ ለዘላለም ነውና» ይላል። መሪው የእያንዳንዱን ቁጥር የመጀመሪያ ክፍል ያነባል፣ ሕዝቡ ይመልሳል። ማንበብ የማይችል አንድም ሰው አይቀርም። እኛ በወር አንዴ አምልኮውን በዚህ እንከፍታለን፣ ያለ ሙዚቃ።

የፕሮግራሙን ነገር ስለጠየቅህ፦ ሰባኪው የሚሰብክበትን የመጽሐፍ ቅዱስ ክፍል እስከ ረቡዕ ይስጥህ። ይህን ማስለመድ ጊዜ ይወስዳል፣ ግን አትተወው። ስለ ይቅርታ በሚሰበክበት ቀን አርባ ደቂቃ ስለ ድል ከዘመራችሁ ሕዝቡ ሁለት ቦታ ይከፈላል። ከአምስቱ መዝሙሮች አንዱን ቀንስና ከስብከቱ በኋላ አድርገው። ሰው ቃሉን ሰምቶ መልስ የሚሰጥበት ነገር ይፈልጋል። እኛ ጋ ቀድሞ ከስብከት በኋላ ወዲያው ማስታወቂያ ነበር። አንድ እሑድ ሰዉ ተንበርክኮ እያለቀሰ ንስሐ ሲገባ «ቁልፍ የጠፋበት ሰው አለ» ተባለ። አንዲት እህት ቀና ብላ እንባዋን ስትጠርግ አየሁ፤ ነጠላዋን አስተካክላ ተቀመጠች። ያቺ ጸሎት እዚያው ቀረች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማስታወቂያን ወደ መጀመሪያው አመጣነው። የዘገየ ሰው ካመለጠው በር ላይ እንለጥፍለታለን።

ጳውሎስ «ሁሉ በአግባብና በሥርዓት ይሁን» ያለው እኮ እዚያው ምዕራፍ (1ኛ ቆሮንቶስ 14) ላይ እያንዳንዱ መዝሙር ይዞ ይመጣል ካለ በኋላ ነው። ሥርዓቱ ሰው ሁሉ ያለውን እንዲያቀርብ ነው።

የጦሳ ግርጌ፦

እማማ፣ እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጥልኝ። «ቃሉ ስለሌለኝ ነው» ያሉትን ለቡድኑ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩላቸው። ለትንሽ ጊዜ ማንም አልተናገረም።

ሐሙስ ያደረግነው ይህ ነው። አምስቱን መዝሙሮች ወደ አራት ቀነስን፣ ሦስቱ ሕዝቡ የሚያውቃቸው ናቸው። አዲሱ አንድ ብቻ ነው፣ እሱንም አራት እሑድ እንደግመዋለን። ሁሉንም ወደ «ዲ» እና ወደ «ሲ» አወረድን። ቤዝ የሚመታው ልጅ ጣቱ ስላልለመደ ቅዳሜ ብቻውን መጥቶ ተለማመደ። ሰባኪያችን ክፍሉን ዛሬ በስልክ ልኮልኛል፣ ሉቃስ 15 ነው።

የረቡዕዋን እናትም ቤታቸው ሄጄ አነጋገርኳቸው። የመጀመሪያውን መዝሙር እንዲያወርዱልን ጠየቅኳቸው። ማይክ አልፈልግም አሉ። ከወንበራቸው ሳይነሱ ይጀምራሉ፣ እኛ ከሁለተኛው ስንኝ እንቀበላለን።