ጭስ ማውጫዬ ውስጥ ሬንጅ የመሰለ ነገር ተጋግሯል፤ ዛሬ ማታ ባነድስ?

ብርድፈሪ፦
ሰላም ወገኖች። የማገዶ ምድጃ ካስገባሁ ገና ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ትናንት ቧንቧውን ማጠፊያው ላይ ስፈታው ጥቁር፣ የሚያብለጨልጭ ነገር ውስጡን ለብሶት አገኘሁ። ጥቀርሻ መስሎኝ በብሩሽ ፈተግኩት፤ ንቅንቅ የለም። በቢላ ስጭረው ቢላው ይንሸራተታል። ማታ ማታ እሳቱ እንዲያነጋልኝ እንጨት ሞልቼ፣ የአየር ማስገቢያውን ጥርቅም አድርጌ ነው የምተኛው። እንጨቱ ደረቅ ነው፤ ከተቆረጠ ሦስት ወሩ።

ፍልጡ፦
እንዳታነድ! ክሪዮሶት ነው፤ ከእንጨት ጭስ የሚጋገር ሬንጅ መሰል ነገር። ረመጥ መዳፈን ሌላ፣ እንጨት አፍኖ መተኛት ሌላ። የታፈነ እንጨት ሳይነድ ይጨሳል። ጭሱ ከ120 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች የቀዘቀዘ ቧንቧ ሲነካ እዚያው ይጤዛል። መጀመሪያ ብናኝ ነው፤ ብሩሽ ያነሳዋል። ቀጥሎ ቅርፊት ይሆናል። ያንተ ሦስተኛው ዓይነት ነው፣ ላይ በላይ ተጋግሮ የደነደነው። ራሱም ማገዶ ነው! አንድ ቀን እሳቱን ሞቅ ስታደርገው ይያያዛል፤ ሙቀቱ ከ1,000 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል።

እኔ ደርሶብኛል። ድምፁ ጣሪያህ ላይ አውሮፕላን የሚነሳ ነው የሚመስለው። የምድጃውን በርና የአየር ማስገቢያውን ዘግቼ፣ ልጆቹን ይዤ ወጣሁና እሳት አደጋ ጠራሁ። ውሃ ብደፋበት ኖሮ የጋለው ጭስ ማውጫ ይሰነጠቅ ነበር።

የደነደነውን በብሩሽ አትልፋበት፤ ባለሙያ ጥራ። ተራ ቧንቧ ከሆነ መቀየሩ ይቀላል።

እናት ጓዳ፦
ፍልጡ ሁሉን ብሎታል፤ እኔን ያስገረመኝ "ደረቅ ነው፣ ሦስት ወሩ" የምትለዋ ናት 😄 አዲስ የተቆረጠ እንጨት ግማሽ ክብደቱ ውሃ ሊሆን ይችላል። ከ20 በመቶ በታች መውረድ አለበት። ተፈልጦ፣ ነፋስ እንዲያገኘው ተደርድሮ፣ ላዩ ብቻ ተሸፍኖ ቢያንስ ስድስት ወር፤ ጠንካራው እንጨት ዓመትም ያልፋል። ሁለት ፍልጥ አጋጭ። ደረቁ ቃ ይላል፣ እርጥቡ ድም። የእርጥበት መለኪያ ካለህ ጫፉን አትለካ፤ ጫፉ ቶሎ ስለሚደርቅ ይሸውድሃል። አሁን ፈልጠህ መሃሉን ለካ።

ብርድፈሪ፦
እሺ፣ አላነድም። ጠራጊ ነገ ይመጣል። ስድስት ፍልጥ አጋጨሁ፤ ስድስቱም ድም። አንዱን ለሁለት ከፍዬ ጉንጬ ላይ ባስጠጋው፣ ይበርዳል።