ለ10 ዓመት ልጅ ስለ ጓደኝነት የሚያወራ ግራፊክ ኖቭል (በሥዕል የሚተረክ መጽሐፍ) ጠቁሙኝ

እናት ከሜሪላንድ፦ ሰላም ለሁላችሁም። ልጄ 10 ዓመቷ ነው። ከትንሽነቷ አብራት ያደገችው ጓደኛዋ ዘንድሮ ከሌሎች ልጆች ጋር ገጥማ ትታታለች። ምሳ ሰዓት ማን አጠገብ እንደምትቀመጥ ስታስብ ነው የምታድረው፣ ስጠይቃት ግን "ምንም" ብላ ትዘጋኛለች። ረጅም መጽሐፍ አትወድም፤ ግራፊክ ኖቭል ከያዘች ግን ራት ሲቀርብ እንኳ አትሰማም። እንደሷ የገጠማት ልጅ ያለችበት ታውቃላችሁ? አባቷ ደግሞ "ሥዕል ማገላበጥ ንባብ ነው እንዴ?" እያለ ያሾፍብናል፤ ለሱም መልስ ካላችሁ ወዲህ በሉ።

ሰብሊ፦ አይዞሽ እህቴ፣ የኔም በዚሁ አልፋለች። በሻነን ሄል "ሪል ፍሬንድስ" ጀምሪላት፤ የራሷን ልጅነት ነው የጻፈችው። ሻነንና አድሪየን የማይነጣጠሉ ጓደኞች ናቸው፣ ከዚያ አድሪየን ሁሉም ከሚከባት ከጄን ጋር ትገጥማለች። የጄን አንደኛ ጓደኛ ለመሆን የማይደረግ ነገር የለም። ልጄ እዚያ ጋ ስትደርስ "ይሄ እኮ የኛ ክፍል ነው!" ብላ መጽሐፉን ይዛ ኩሽና ድረስ መጣች። ከወደደችው ሁለት ተከታዮች አሉት።

ላይብረሪ የምሠራ፦ እኔ "ሮለር ገርል"ን እመርጣለሁ፣ የቪክቶሪያ ጄሚሰን ነው። አስትሪድ 12 ዓመቷ ነው፤ የልብ ጓደኛዋ ኒኮል ለክረምቱ ባሌት ስትመርጥ እሷ ሮለር ደርቢ ትገባለች፣ ባለ ጎማ ጫማ አድርገው እየተጋፉ የሚሽቀዳደሙበትን ጨዋታ ማለቴ ነው። የምወደው ኒኮልን ክፉ ስለማያደርጋት ነው። የሚወዱት ነገር ተለያየ፣ በቃ።

ለአባቷ ደግሞ የጄሪ ክራፍትን "ኒው ኪድ" ስጪው። በ2020 የኒውቤሪን ሜዳሊያ ወስዷል፤ ይሄ አሜሪካ ውስጥ ለልጆች መጽሐፍ የሚሰጥ ትልቅ ሽልማት ነው፣ ከ1922 ጀምሮ ሲሰጥ ግራፊክ ኖቭል ሲያሸንፍ ያኔ የመጀመሪያው ነበር። ጆርዳን የሚባል ጥቁር ልጅ ሀብታሞች የሚማሩበት ትምህርት ቤት ይገባል። አስተማሪዋ የጥቁር ተማሪዎቿን ስም ስታምታታ ያለውን አንብቦ ያልሳቀ፣ ወይ ያልተናደደ አባት ካለ ንገሩኝ። መደርደሪያው ላይ ግራፊክ ኖቭሎች የሚቀመጡበትን 741.5 የሚለውን ቁጥር ፈልጊ፤ ካጣሽው ለብቻ ደርድረውት ይሆናል፣ ጠይቂ። በላይብረሪ ካርድሽ ሊቢ የሚባለው አፕ ላይም በነፃ መዋስ ይቻላል።

ዘጠነኛ ክፍል ነኝ፦ እትዬ፣ "ኤል ዴፎ"ን ይሞክሩላት። ደራሲዋ ሲሲ ቤል በ4 ዓመቷ ታማ መስማት ያቃታት ልጅ ነበረች፣ የራሷን ታሪክ ነው የጻፈችው። መምህሯ አንገቷ ላይ የምታደርገው፣ ከሲሲ የመስሚያ መሣሪያ ጋር የተገናኘ ማይክሮፎን ስላለ ሽንት ቤት ስትገባ እንኳ ሲሲ ትሰማታለች 😂 ግን በውስጧ በጣም ብቸኛ ናት። እኔ ሦስቴ ነው ያነበብኩት።

አጎት ከሚኒሶታ፦ "ዌን ስታርስ አር ስካተርድ" እንዳይረሳ። ኦማር መሐመድ ኬንያ ዳዳብ የስደተኞች ካምፕ ከታናሽ ወንድሙ ከሐሰን ጋር ያደገበት እውነተኛ ታሪክ ነው። ሐሰን ከአፉ የሚወጣው አንድ ቃል ብቻ ነው፣ "ሆዮ"፤ በሶማሊኛ እናቴ ማለት ነው። ኦማር ትምህርት ቤት ልግባ ወይስ ወንድሜን ልጠብቅ እያለ ሲጨነቅ አንጀት ይበላል። ከበድ ስለሚል ግን አንቺ ቀድመሽ አንብቢው።

እናት ከሜሪላንድ፦ ተባረኩ! አብሬያት ላንብብ ወይስ ልተዋት?

ሰብሊ፦ "ላንቺ ችግር ብዬ ነው ያመጣሁት" እንዳትያት ብቻ፣ ያኔ አትነካውም። ሶፋው ላይ ጣል አድርጊው። ከጨረሰች በኋላ ስለ ሻነን ጠይቂያት እንጂ ስለሷ አትጠይቂያት፤ የራሷን ራሷ ታመጣዋለች።

እናት ከሜሪላንድ፦ እሺ። "ሮለር ገርል"ና "ኒው ኪድ" ተይዘውልኛል። "ሪል ፍሬንድስ" ግን ወረፋው ረጅም ነው።

ሰብሊ፦ የኛ ቁጭ ብሏል፣ ሽፋኑ ትንሽ ተቀዷል እንጂ። በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ ቅዳሜ ላድርስልሽ።