ሰባት ካርታ ፖከር ራሴን አዞረው፣ የምታውቁ እርዱኝ

ሰላም ወገኖች፣ ከፍኖተ ሰላም ነው የምጽፈው። ኮንከር ላይ ማንም አይችለኝም፤ ይሄ ሰባት ካርታ ስተድ የሚሉት ፖከር ግን አስቸግሮኛል። በብር አንጫወትም፣ በሽምብራ ነው (እናቴ ለቆሎ ያስቀመጠችው)።

የገባኝን ልንገራችሁ። መጀመሪያ ለእያንዳንዱ ሁለት የተደፋ፣ አንድ የተገለጠ ካርታ ይታደላል። ቀጥሎ ሦስት ተገልጠው፣ ሰባተኛው ተደፍቶ። በየመሀሉ መወራረድ አለ። ከሰባቱ ምርጥ አምስቱ ይቆጠራሉ።

ትናንት ማታ ስምንት ሆነን ተቀመጥን። እስከ ስድስተኛው ካርታ ማንም አልወጣም። አዳዩ እጁን ሲያይ አራት ካርታ ብቻ ቀርታለች! ለካ ስምንት በሰባት 56 ነው፣ ካርታው ግን 52። አንዱ «ለሁላችንም አንድ መሀል ላይ ይገለጥ» አለ፣ ሌላው «ጨዋታው ፈርሷል» ብሎ ሽምብራውን ወደ ኪሱ። ማን ነው ልክ?

ደግሞ ሌላ ችግር አለብኝ። ሁለት አንድ ዓይነት ቁጥር ካየሁ እስከ መጨረሻው አልለቅም፣ ሁሌም እሸነፋለሁ። የጎረቤቶቼን የተገለጠ ካርታ አይቼ መቼ ነው መውጣት ያለብኝ? ቅዳሜ እንደገና እንቀመጣለን፣ ቶሎ መልሱልኝ።