የዕቅድ ውይይት፦ ለአሚጋ (የድሮ የኮሞዶር ኮምፒውተር) ስታርትአፕ ችግር አንድ የጋራ አሰራር

አስተባባሪ፦ ሰላም ቤተሰብ፣ "አሚጋዬ መነሳት ጀምሮ መሃል ላይ ቀጥ ይላል" የሚል ጥያቄ በዝቷል፣ እኛ ደግሞ ሁላችንም የየራሳችንን ነው የምንመልሰው። ለስብሰባው አንድ ገጽ ሀሳብ እናቅርብ። እኔ ያሰብኩት ንጹህ ስታርትአፕ ሲኩዌንስ (ማሽኑ ሲነሳ የሚያስኬደውን የትዕዛዝ ስክሪፕት) አዘጋጅተን ለአባላት ማደል ነው

የጥገና ክፍል፦ ይሄ እንኳን አይሆንም። አሚጋ 500 ከሲስተም ቨርዥን 1.3 ጋር እና የ1992ቷ 1200 ከ3.0 ጋር አንድ አይነት ስክሪፕት አይበሉም። ሰዉ የቱ መስመር ላይ እንደቆመ ራሱ ቢያይ ይሻላል። 2.0 እና ከዛ በላይ ያለው ሲያስነሳ ሁለቱንም የማውስ በተን ተጭኖ ይያዝ፣ ሜኑ ይመጣለታል፣ ያለ ስታርትአፕ ሲኩዌንስ ቡት ያደርጋል። 1.3 ላይ ሜኑው የለም፣ ስክሪፕቱ እየሄደ ኮንትሮልና ዲ ተጭኖ ማቆም ነው

አዲስ አባል፦ እሺ ከዛስ?? ባዶ ሼል (ትዕዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ላይ ጥሎህ ይሄዳል፣ ዎርክቤንች (ዴስክቶፑ) የለ ምን የለ፣ እኔ ብሆን እዛው ነው የማጠፋው 😅

የጥገና ክፍል፦ እውነትሽን ነው፣ ይሄ ይጻፍ፦ መጀመሪያ ፋይሉን በሌላ ስም ኮፒ ማድረግ፣ ከዛ ኢዲ በሚባለው የጽሑፍ ማረሚያ ከፍቶ ከየመስመሩ >ኒል፡ የምትለዋን ማውጣት፣ ምክንያቱም መልእክቱን የምትውጠው እሷ ናት። ብዙ ጊዜ የሚገኘው ምን መሰላችሁ፣ ጌሙ ድሮ ተሰርዟል ግን ሲጫን ያስገባው የአሳይን (ለፎልደር አጭር ስም የሚሰጥ ትዕዛዝ) መስመር እዛው ተቀምጦ የሌለ ፎልደር ይፈልጋል፣ የስህተት ኮዱ 10 እና ከዛ በላይ ሲሆን ስክሪፕቱ እዛው ይቆማል

አዲስ አባል፦ ፌይልአት 21 (ስክሪፕቱ የሚቆምበትን የስህተት ኮድ ከፍ የሚያደርግ ትዕዛዝ) ብለን ከላይ ብንጽፍበትስ? ያልፈዋል አሉ

ጋሼ (ነባር አባል)፦ ያልፈዋል ልጄ፣ ግን በሽታውን መደበቅ ነው፣ ሲመረመር ብቻ ይግባ ከዛ ይውጣ። እኔ የምጨምረው፣ ከ2.0 ወዲህ የራሳችሁን ነገር ሁሉ ዩዘር ስታርትአፕ (ዋናው ስክሪፕት የሚጠራው የተጠቃሚው ፋይል) ውስጥ አድርጉ፣ ዋናውን አትንኩት፣ ሴትፓችም (የሲስተሙን ስህተቶች የምታርመው ትዕዛዝ) ካለችበት ከላይ አትነሳ። ብዙ ኢንስቶለሮች እዛ ፋይል ላይ የጨመሩትን ከነስማቸው በቢጊንና በኤንድ አጥረው ነው የሚተዉት፣ ማን ምን እንዳስገባ ወዲያው ይታያል

አስተባባሪ፦ ጋሼ ያሉት ገባኝ፣ የማደሉን ነገር ትቻለሁ። ሀሳቡ የምርመራ ቅደም ተከተል ይሁን፣ 1.3 ለብቻው፣ 2.0 እና በላይ ለብቻው። የ1.3ቱን ጋሼ ይጻፉልን፣ አንቺ ደግሞ ረቂቁን እንደ ጀማሪ አንብበሽ የማይገባሽ ቦታ ላይ ምልክት አድርጊ

አዲስ አባል፦ እሺ፣ ግን ኢዲ ላይ ሴቭ አድርጎ መውጫው ኤስኬፕ ከዛ ኤክስ እንደሆነም ይግባ በናታችሁ