በፕላን በተሠራ ሰፈር ያደጋችሁ፣ ምን ትዝ ይላችኋል?

ጠያቂ
ሰላም ለሁላችሁ። ያደግኩት ከከተማ ወጣ ብሎ፣ ከመጀመሪያው በፕላን ተቀይሶ በተሠራ ሰፈር ነው። ቤቶቹ አንድ ዓይነት፣ መንገዶቹ ጠመዝማዛ፣ ብዙዎቹ ደግሞ መጨረሻቸው ዝግ ነበር። ሰው ሁሉ እንዲህ ዓይነት ሰፈር ለዛ የለውም ይላል፤ እኔ ግን ልጅነቴን በጣም ነው የምወደው። አሁን ልጆቼን እንደዚያ ያለ ሰፈር ላሳድግ እያሰብኩ ስለሆነ የእናንተን ብሰማ ደስ ይለኛል። ምን ጥሩ ነበር? ምንስ ጎደላችሁ?

የጥጉ ቤት
ለዛ የለውም የሚሉት ኖረውበት አያውቁም። የእኛ መንገድ ዝግ ስለነበር የሚገባው የጎረቤት መኪና ብቻ ነው፤ በሞተሩ ድምፅ የማን አባት እንደመጣ እንለይ ነበር። ኳሷን ይዘን ዳር እንቆማለን፣ መኪናው ያልፋል፣ ጨዋታው ይቀጥላል። ይሄ ደግሞ በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። አሜሪካዊው የከተማ ፕላን አውጪ ክላረንስ ፔሪ እ.ኤ.አ. በ1929 ባቀረበው ሐሳብ ትምህርት ቤቱ መሀል ይሆናል፣ ዋና መንገዶች ሰፈሩን በዳር ይዞሩታል እንጂ አይሰነጥቁትም፣ ልጅም ዋና መንገድ ሳያቋርጥ በእግሩ ይደርሳል። አሜሪካ፣ ኒው ጀርሲ ያለው ራድበርን የሚባለው ሰፈር ደግሞ በዚያው ጊዜ ሲሠራ የቤቶቹ ፊት ወደ መስኩና ወደ እግረኛ መንገዱ ዞሮ፣ መኪና በጓሮ በኩል እንዲገባ ተደረገ። እኔ ገና ትንሽ ሆኜ ብቻዬን ትምህርት ቤት ስሄድ እናቴ የማትሰጋው ለዚህ ነው።

ማታ ማታ
እህቴ፣ ለትንሽ ልጅ እውነትሽን ነው። ጎረምሳ ስትሆኚ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ቤት፣ ቤት፣ አሁንም ቤት! ሱቅ የለ፣ የሚቀመጡበት ቦታ የለ፣ ሁሉም ነገር መኪና ይፈልጋል። የቅርብ ጓደኛዬ ቤት ከእኛ ጓሮ ጋር በአጥር ነው የሚዋሰነው። የመኝታ ቤቱ መብራት ከእኔ መስኮት ይታያል፤ በመንገዱ ልሂድ ካልኩ ግን የእኛን መንገድ ጨርሼ፣ ወደ ትልቁ ወጥቼ፣ ዞሬ በእነሱ መግባት አለብኝ። ስለዚህ አጥሩን ቀደድነው። ትልልቆቹ ይደፍኑታል፣ እኛ እንከፍተዋለን። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ የሚያልፍበት እውነተኛው መንገድ ያ ቀዳዳ ነበር፣ ፕላኑ ላይ ግን የለም። ፕላን አውጪዎቹ ልጅ የሚያድግ አልመሰላቸውም መሰለኝ።

አዲስ ገቢ
እኛ ስንገባ ግማሹ ሰፈር ገና እየተሠራ ነበር፤ የአሸዋ ክምሩ፣ የጣውላው ሽታ፣ በገመድ ከእንጨት ጋር የታሰሩት ቀጫጭን ችግኞች አሁንም ዓይኔ ላይ አሉ። ሁሉም ቤተሰብ በአንድ ሰሞን ስለገባ ሁላችንም እኩያ ነበርን። መጀመሪያ ክፍሉ ተጨናነቀ፣ አብረን አድገን ስንወጣ ደግሞ ትምህርት ቤቱ ባዶ ቀረ።

አንድ ነገር ግን ሳይነሳ እንዲቀር አልፈልግም። እንዲህ ያለ ትዝታ ለሁሉም አልተፈቀደም። ኒው ዮርክ አጠገብ ያለው ሌቪታውን የሚባለው ሰፈር እ.ኤ.አ. ከ1947 እስከ 1951 ከ17 ሺህ በላይ ቤቶች ተሠርተውበት ለጥቁሮች ግን አይሸጥም ነበር። የሰፈሬን ፀጥታ ሳስታውስ፣ በሩ የተዘጋበትን ልጅም አስባለሁ።

ጠያቂ
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የአጥሩን ነገር እኔም አውቀዋለሁ፣ የእኛ ደግሞ በጎርፍ መውረጃው ቦይ ውስጥ ነበር። ታዲያ ቤት ሳይ ምኑን ልመልከት?

ማታ ማታ
ቤቱን ተወውና መንገዱን እይ። ዝግ መንገዶቹ ጫፍ ላይ የእግረኛ መተላለፊያ ካለ ግማሹ ችግር ተቃልሏል። ትምህርት ቤት ከሚለቀቅበት ሰዓት በኋላም ሂድ፤ ደጅ ልጅ ከሌለ፣ ለምን እንደሌለ ጎረቤት ጠይቅ። ከፍ ላሉት ደግሞ ያለ መኪና የሚደርሱበት አንድ ቦታ ይኑር፣ ቤተ መጻሕፍትም ይሁን የኳስ ሜዳ።